ርዕሱ በኋላ ይሞላል

ሚያዝያ 16፣ ሐሙስ

ሰው ያላነበበውን ወረቀት ለምን ይፈርማል? ይህን ያልጠየቀ ማን አለ? ባንክ ቤት «እዚህ ጋ» ይሉናል፣ ጣታቸው ካረፈበት ላይ እንፈርማለን። ክሊኒክም እንዲሁ። ዛሬ ሰፈራችን እርስ በርሱ ሲጠያየቅ የዋለው ይህንኑ ነው።

ጠዋት ከከተማው ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ መጣ። አርባ ሦስት አባወራ፣ ሁላችንም የዚህ የሰበታ ጥግ ሰዎች፣ «ቦታችንን ለልማት በፈቃዳችን ለቀን ምትክ ለመውሰድ ተስማምተናል» ይላል። ከኋላው የስማችንና የፊርማችን ኮፒ ተያይዟል፤ መፈረም የማይችሉት አውራ ጣት። ፊርማው የእኛው ነው፣ ማንም አልካደም። የፈረምነው ግን የካቲት ላይ፣ ስለ ውሃ መስመር በተጠራ ስብሰባ መገኘታችንን ነበር። ምትክ የተባለው ቦታ የት እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ቅሬታ የሚቀበሉት እስከ ሰኔ 30 ብቻ።

ስሞቹ በጥሩ እጅ ጽሑፍ ነው የተጻፉት። አዴ ዱርሲቱ፣ ከሁላችን በፊት እዚህ የነበሩት ጎረቤታችን፣ ኮፒውን አገላብጠው አዩና «ጽሑፉስ ያምራል» አሉ። ፊደል አልቆጠሩም። እኔን አላዩኝም። ወይም አይተውኛል።

ይህን ደብተር ዛሬ ከፊት ጀመርኩት። ከኋላ የተጻፈበት ሁለት ገጽ አለ። እዚያ እስክደርስ ክረምቱ ያልቃል።


ሚያዝያ 18፣ ቅዳሜ

ተናድጄ ስለ ራሴ መጻፍ ረሳሁ። ጣቢታ አጵሎስ። (ለማን ነው የማስተዋውቀው? ይሁን።) በኤሌክትሪካል ምህንድስና ተመርቄ ቤት ከተቀመጥኩ ሐምሌ ሲመጣ ሁለት ዓመት ይሞላኛል። ከአባዬ ጋር ነው የምኖረው፤ እናቴ ካረፈች አምስት ዓመቷ። አባዬ የክር ፋብሪካ ዘበኛ፣ የቸርቻችን ሽማግሌ ነው። በሃያ ዓመቱ ከወላይታ መጥቶ ይህችን ቤት ቆርቆሮ በቆርቆሮ ሠራት። የሰፈሩን ማመልከቻ፣ የዕድር ማስታወቂያ፣ የተማሪ ፎርም የምጽፈው እኔ ነኝ። «ለጣቢታ ስጧት፣ እጇ ያምራል» ይባላል።

ቤዝ ጊታር እጫወታለሁ። ጊታሩ የመዘምራን ነው፣ በአደራ። ባንዳችን ቡራዩ ነው ያለው፤ የምንለማመደው ወፍጮ ቤት ስለሆነ ስሙም «ወፍጮ ቤት»። ኪሩቤል ሊድ ጊታር፤ ወፍጮው የእናቱ የወይዘሮ ፀሐይ ነው። ቦጂያ ድራም፤ ሱሉልታ ጋራዥ ውስጥ ባትላሜራ ይሠራል፣ ሲቀጠቅጥ ውሎ ሊቀጠቅጥ ይመጣል። ሦስታችንም እንዘፍናለን። ደህና የሚዘፍነው ቦጂያ ብቻ ነው።

ዛሬ ሁለቱንም ባንድ ጥሪ አገናኘኋቸው። አልበም እንሥራ አልኩ። ስለ ደብዳቤው። ሙሉ አልበም፣ ክረምት ሳይገባ።

«ስሙስ?» አለ ኪሩቤል።

«በፈቃዳችን።»

ቦጂያ «ዋይ! ይህቺ ልጅ ልታሳስረን ነው» ብሎ ሳቀ።

እሺ ማለቱ ነው።


ሚያዝያ 21፣ ማክሰኞ

መቅዳት የምንችለው ወፍጮው ሲያርፍ ብቻ ነው። ወይዘሮ ፀሐይ ወፍጮውን የሚያሳርፉት እሑድ፣ በአሥራ ሁለት ለሚካኤል፣ በሃያ አንድ ለማርያም፣ በሃያ ዘጠኝ ለባለወልድ ነው። እሑድ እኔ ቸርች ነኝ። ስለዚህ የሮክ አልበማችን በወር ሦስት ቀን፣ በታቦት ይቀዳል ማለት ነው። እኔ ጴንጤዋ የወሩን በዓላት ከኪሩቤል በላይ አወቅኳቸው።

ወይዘሮ ፀሐይ ነጠላቸውን አጣፍተው በር ላይ ቆሙ። «እኔ ወፍጮውን ያሳረፍኩት ለእመቤቴ ነው። እናንተ በባዶው ቤት ጋኔን ልትጠሩበት!»

«እማዬ፣ ጋኔን አይደለም፣ የጊታሩ ዲስቶርሽን ነው።»

«ስሙንም አውቀኸዋላ!»

ቦጂያ ሳቁን ለማፈን ከድራሙ ሥር ገባ፣ የወደቀ ነገር እንደሚፈልግ ሰው።

ድምፅ እንዲውጥልን ግድግዳውን በባዶ ጆንያ ሸፈንነው። የቤዙ ክር መሐል ዱቄት ገብቷል። አፌ ጤፍ ጤፍ ይላል። አንድ ዘፈን ግን አለቀ! አንድ! ስመለስ፣ ሦስተኛው ታክሲ ላይ ረዳቱ ቤዙን አይቶ «እሱ ከተቀመጠ ይከፍላል» አለ። ታቅፌው መጣሁ፣ እንደ ልጅ።


ሚያዝያ 29፣ ረቡዕ

ባለወልድ። ሁለት ዘፈን። ሁለተኛው የኔ ነው፣ «ማን ጻፈው»።

ስሜን ማን ጻፈው፣ ማን ቆጠረኝ፣
ሳልናገር ማን መለሰልኝ።

ኪሩቤል በአምባሰል ቅኝት አደረገው፤ ከዚያ አምፑን እስኪያቃስት ከፈተው። ቦጂያ ተቀብሎ በኦሮምኛ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀ፣ «መቃ ኮ ኤኙቱ በሬሴ?» ሁለቱ ቋንቋ አንዱ ሌላውን ሲጠራ ስሰማ ፀጉሬ ቆመ። ይህን የሠራነው እኛ ነን። በዱቄት የተለወስን ሦስት ልጆች።

«ከየት አመጣሽው?» አለኝ ኪሩቤል።

«እንዲሁ መጣ።»

እንዲሁ አልመጣም። መስመር አስምሬ፣ ከላይ ቦታ ትቼ

ነገ እጽፈዋለሁ።


ግንቦት 3፣ እሑድ

አባዬ ዛሬ መድረክ ላይ ሲጸልይ «ያሳሳቱንን ይቅር በል» ብሎ ቆመ። «የተሳሳትነውንም» አለ። ጉባኤው አሜን አለ። እኔ ቤዙ ላይ ነበርኩ፣ መግቢያዬን ሳትኩ።

ከደብዳቤው ወዲህ የዕድር ስብሰባ አይሄድም። ተረኛ ነኝ ይላል። ተረኛ አለመሆኑን አውቃለሁ። እኔም አልጠይቀውም።


ግንቦት 7፣ ሐሙስ

ዓለም ገና፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ፣ አቶ ዘርሁን። የካቲት ላይ ስብሰባውን የመሩት የጽሕፈት ቤቱ ሰው ናቸው።

«ጣቢታ! ያንን ነገር አልረሳሁትም እኮ። ቅጥር ሲወጣ የመጀመሪያዋ አንቺ ነሽ። እጅ ጽሑፍሽን ቢሮው ሁሉ ነው ያደነቀው።»

«አመሰግናለሁ» አልኩ።

አመሰግናለሁ! ያን ዕለት ንጹሕ ወረቀት ሰጥተውኝ «ስማቸውን አሳምረሽ ገልብጪ፣ ከላይ ሦስት መስመር ተይ፣ ርዕሱ በኋላ ይሞላል» ያሉኝ እኚሁ ሰው ናቸው። ርዕሱን ማን ሞላው? ይህን መጠየቅ ነበረብኝ። ሰልፉ ላይ፣ በሰው ፊት። አመሰግናለሁ አልኩ፣ ታክሲ መጣ፣ ወንበር ለቀቁልኝ፣ ተቀመጥኩ።


ግንቦት 12፣ ማክሰኞ

ሚካኤል። አምስተኛውን ዘፈን ልንጀምር ስንል ወይዘሮ ፀሐይ ገብተው ሞተሩን አስነሡት።

«እማዬ! ዛሬ በዓል ነው እኮ!»

«ለቅሶ ቤት ነው። ያን ሁሉ እንግዳ ምን ያብሉት? ሚካኤል ራሱ ፍጪላቸው ነው የሚለኝ።»

ሦስት ኩንታል። ቦጂያ ሰዓቱን አየ፤ እስከ ሱሉልታ መንገድ አለበት። «በቃ ከነጩኸቱ እንቅዳው» አለ። «ስማችን ወፍጮ ቤት አይደል እንዴ?» ኪሩቤል ጆሮውን ወደ ሞተሩ አዘንብሎ ቆየ፣ ከዚያ ጊታሩን ክር በክር ከሞተሩ ጋር አስማማ። እኔም ተከተልኩት። በወፍጮ የተቃኘ የመጀመሪያው ባንድ ሳንሆን አንቀርም።

ወይዘሮ ፀሐይ እህል እየጨመሩ ጭንቅላታቸውን ሲነቀንቁ አየኋቸው። በምቱ! ሲጨርሱ «ይቺኛዋ ደህና ናት» አሉና ዱቄታቸውን አራግፈው ወጡ። ከሞተሩ ጋር የቀዳነውን ማንም እንዳይነካው ብያለሁ።


ግንቦት 21፣ ሐሙስ

ዝናብ ገባ። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ከቦጂያ ይበልጣል። በሁለት ዶፍ መሐል እየተሻማን ጨረስን። የቀረው የ«ማን ጻፈው» መጨረሻ ብቻ ነበር፤ የመጨረሻው ቤት ግጥም አልመጣልኝም።

«ጥያቄ ብቻ ሆኖ ቢቀር አይሻልም?» አልኩ። «መልስ ከሌለው የበለጠ ይወጋል።»

ኪሩቤል አልተዋጠለትም። ስምንት ባር፣ የአንድ ቤት ግጥም ልክ፣ ባዶ ትተን ቀዳነው፣ ጊታር ብቻ። «ግጥሙን በኋላ ትሞዪዋለሽ» አለኝ።

ጀርባዬን ቀዘቀዘኝ። ዝናቡ ነው አልኩት።


ግንቦት 27፣ ረቡዕ

ለቀቅነው። ቴሌግራምና ዩቲዩብ። ሰባት ዘፈን። «በፈቃዳችን»። ሽፋኑ ባዶ ወረቀት ላይ ያረፈ አውራ ጣት ነው፣ የቦጂያ፣ ግሪስ ነክሮ።

እራት አልበላሁም። ጌታ ሆይ፣ እንደዚህ ያለ ቀን አለ ለካ።


ግንቦት 30፣ ቅዳሜ

ከሰበታ አየር ጤና ስሄድ ሹፌሩ ከፍቶታል! እኔ ከኋላ ወንበር። ፊት የተቀመጠች ልጅ «ይሄ ምን ዓይነት ጩኸት ነው?» አለችው። «ጩኸት አይደለም፣ እኛ ነን» አላት። እኛ ነን! እስከ ዓለም ገና እንባዬን ስጠርግ ነበር።

ከኮዬ ፈጬ አንዱ «እኛም ወረቀት አለን፣ ስለሱም ዝፈኑ» ብሎ ጻፈ። ከገላን የከባድ መኪና ሹፌር ከነካቢናው ቀርጾ ላከ። ከለገዳዲ አንዲት ልጅ «እናንተ ውሃ ልታስገቡ ተሰብስባችሁ ነው የፈረማችሁት? እኛ ግድቡ ሥር ሆነን በጀሪካን ነው» አለች። ዋና ከተማዋን በከበበው ቀለበት ያለው ሁሉ የሚያወራ መሰለኝ።

ስድቡም አለ። «ለምን በአማርኛ?» የሚል አለ። «ለምን ኦሮምኛ ገባበት?» የሚል አለ። «የሰይጣን ሙዚቃ» የሚለው ደግሞ የመዘምራን ጓደኛዬ ወንድም ነው። ቦጂያ ሁሉንም ድምፁን ቀያይሮ አነበበልንና «ከሁለቱም ወገን እኩል ተሰድበናል፣ ተሳክቷል ማለት ነው» አለ።

አዴ ዱርሲቱ አጥር ላይ ጠበቁኝ። «አካም ጅርታ፣ ዘፋኟ!» «ነጋ» አልኳቸው፣ ደህና ነኝ ማለቴ ነው። የልጅ ልጃቸው በስልኩ አሰምቷቸዋል። «ያቺ ማን ጻፈው የምትለዋ» አሉኝ፣ «መጨረሻዋ ላይ ዝም ትላለችሳ?»

«ሙዚቃው ነው እንዲያ የሚሄደው።»

«እ…» አሉ። ረጅም እ።


ሰኔ 2፣ ሰኞ

ስልክ ተደወለ፣ የማላውቀው ቁጥር።

«ጣቢታ አጵሎስ ነሽ? ማን ጻፈው የሚለውን ግጥም ማነው የጻፈው?»

«እኔ።»

«ብቻሽን?»

«ብቻዬን።»

«ማን አዞሽ?»

«ማንም።»

«እንግዲህ አስቢበት» ብሎ ዘጋ።

ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ለልጆቹ ስነግራቸው ቦጂያ «ሴትዮዋ አንበሳ ናት!» ብሎ ጮኸ፤ ኪሩቤል «ከእንግዲህ ብቻሽን አትሂጂ» አለኝ። ኮራሁ። እስከ አሁን ኮርቻለሁ። ግን አሁን ስጽፈው አንድ ነገር ያዘኝ። ለማላውቀው ሰው «እኔ ነኝ የጻፍኩት» ለማለት አንድ ሰከንድ አልፈጀብኝም። አጥር ለአጥር ለምንኖረው ለአዴ ዱርሲቱ ግን ይኸው ሁለት ወር ሊሞላኝ ነው።


ሰኔ 4፣ ረቡዕ

ምሳውን ላደርስለት ፋብሪካው በር ሄድኩ። አባዬ የዘበኛ ቤቱ ውስጥ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ተቀምጧል። ወሬ የሚያወራ መስሎኝ ቆምኩ። የሚሰማው እኛን ነው። ሲያየኝ ስልኩን ኪሱ ከተተው፤ ዘፈኑ ከኪሱ ውስጥ ቀጠለ።

«አራተኛው ላይ ከበሮው ትንሽ ይጮሃል» አለ።

አራተኛው ድረስ ሰምቷል!


ሰኔ 6፣ ዓርብ

ሰፈሩ የላካቸው ሽማግሌዎች ከቅሬታ ሰሚው ተመለሱ። አዴ ዱርሲቱ በራችን ላይ ቆመው ለአባዬ ነገሩት፣ እኔ ልብስ እያሰጣሁ ሰማሁ።

«ፊርማችሁ ነው አለን። ነው አልነው። እንግዲያ ምን ላድርጋችሁ አለ። የስብሰባ ዝርዝር ነበር አልነው። የሚያሳይ ነገር አምጡ፣ ወይ ስሙን የጻፈውን ሰው አምጡ፣ ለሰኔ 27 ቀጥሬያችኋለሁ አለ። ይኸው ነው፣ ኦቦ አጵሎስ። የጻፈውን ሰው።»

አባዬ «እሺ» አለ።

አዴ ዱርሲቱ ሲሄዱ ወደ ልብሱ ገመድ ዞር አሉ። «ያ አንሶላ ደርቋል እኮ» አሉኝ። ለሦስተኛ ጊዜ እያሰጣሁት ነበር።


ሰኔ 10፣ ማክሰኞ

ሱሉልታ እሑድ አልበሙን ልንጫወትበት የያዝነው አዳራሽ ተሰረዘ። የአዳራሹ ሰውዬ «መብራት የለም» አሉ። አምፖሉ ከጭንቅላታቸው በላይ ይበራል። ቦጂያ ቀና ብሎ አየና «እሱ አልሰማም ይሆናል» አለ።

አዴ ዱርሲቱ ሲሰሙ «የዕድር ድንኳን አለ አይደል? ሁልጊዜ ለሞተ ብቻ ይተከል?» አሉ። እሑድ፣ እዚሁ ሰበታ፣ ሜዳው ላይ።


ሰኔ 13፣ ዓርብ

ዛሬ እውነቱን እጽፋለሁ፣ እስኪበቃኝ።

የካቲት 9፣ እሑድ ከሰዓት ነበር። ሰው ሲገባ ስሙን በዚህ ደብተር፣ ከኋላ ገጽ፣ በእርሳስ ያዝኩ። ከላይ «የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም ስለ ውሃ መስመር ዝርጋታ በተጠራው ስብሰባ የተገኙ» ብዬ ጻፍኩ። ማንም አላዘዘኝም፣ ልማዴ ነው፣ ርዕስ የሌለው ነገር አልወድም። ከዚያ ዘርሁን (ከዛሬ ጀምሮ «አቶ» የለም) ንጹሑን ወረቀት ሰጠኝ። ሦስት መስመር ባዶ መተው እንዳስጠላኝ ትዝ ይለኛል። ግን «በዚህ እጅ ጽሑፍሽ ቢሮ ብትቀጠሪ» አለኝ። ይችን ቃል ከተመረቅኩ ጀምሮ ጠብቄያት ነበር። ገለበጥኩ። አርባ ሦስት ስም፣ አንድ ስርዝ የለውም። ኮርቼበት ነበር። ይህን መጻፍ ነው የከበደኝ፤ ኮርቼበት ነበር።

ከዚያ ስለ ሌባ እጅ ሰባት ዘፈን ሠራሁ።

ከእራት በኋላ የኋላውን ገጽ ለአባዬ አሳየሁት። መነጽሩን አድርጎ ጣቱን በየስሙ እየሰደደ አነበበ። «ይህ ማስረጃ ነው» አለ። መነጽሩን አወለቀ። «ያን ቀን ሰው ርዕስ የሌለው ወረቀት አንፈርምም ብሎ ነበር። አንቺ አጎንብሰሽ ስትጽፊ አላየሽም። በየወንበሩ ዞሬ ልጄ ናት የምትጽፈው፣ አትፍሩ፣ ፈርሙ ያልኳቸው እኔ ነኝ።»

ለካ ስብሰባ የቀረው ለዚህ ነው። ባንድ ጣራ ሥር፣ አንድ ድንጋይ ሁለታችን ለየብቻ ተሸክመን።

«አንቺ ዝም በይ» አለ። «እሑድ እኔ እናገራለሁ። የሥራ ነገርሽ እንዳይበላሽ።»

እምቢ አልኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ መሰለኝ። ሽማግሌ አባቴን፣ ፊት ለፊት፣ እምቢ። ተቆጣ ብዬ ሳየው ፈገግ ብሏል።


ሰኔ 15፣ እሑድ

አሁን ገባሁ። እግሬ ጭቃ ነው፣ አልታጠብኩም፣ ሳይጠፋኝ ልጻፈው።

ድንኳኑ ሞልቶ ዝናብ ላይ የቆመ ነበር። አግዳሚ ወንበሩ የዕድር፣ መብራቱ ከቤታችን በረጅም ኬብል (ማራዘሚያውን እኔ ነኝ የሠራሁት፣ ዲግሪዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ላይ ዋለ)። ወይዘሮ ፀሐይ ከቡራዩ በኮንትራት ታክሲ መጥተው ከፊት ተቀመጡ፣ ከማያውቁት ሁሉ ጋር «ልጄ ነው፣ የጊታሩ» ይላሉ። ስድስት ዘፈን ተጫወትን። ልጆች ዘለሉ። የወፍጮዋን ስንጫወት ወይዘሮ ፀሐይ «ይቺን እኔ ነኝ ያስነሣኋት!» ብለው ጮኹ።

ከዚያ «ማን ጻፈው»። ሰፈሩ በቃሉ ያውቀዋል። አርባ ሦስት ቤት «ስሜን ማን ጻፈው» ብሎ ሲጠይቀኝ አስቡት፣ ፊቱን ወደ እኔ አድርጎ። ስምንቱ ባዶ ባር ደረሰ። ለኪሩቤል ምልክት ሰጠሁት። ጊታሩን አቆመ። ቦጂያ ጅራፉ እንደተቋረጠ ሰው ዱላውን አንሥቶ ቀረ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ስማችሁን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ርዕሱ ባዶ ነበር። ባዶ መሆኑን አይቻለሁ። ሥራ እቀጠራለሁ ብዬ ዝም አልኩ።»

ደብተሩን ከፍቼ የኋላውን ገጽ አነበብኩ፣ ከርዕሱ እስከ አርባ ሦስተኛው ስም። አባዬ ከኋላ ተነሥቶ ቆመ፣ ኮፍያውን አውልቆ፣ «ፈርሙ ያልኩት ደግሞ እኔ ነኝ» አለ። ጠብታው ሸራው ላይ ይሰማል።

አዴ ዱርሲቱ ናቸው መጀመሪያ የተናገሩት። «ኢንተላ ኮ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። «ፊደል አልቆጠርኩም እንጂ ዓይን አለኝ። ወንድሜ ሲሞት ማስታወቂያውን አጥሬ ላይ የለጠፍሽው አንቺ ነሽ። የመብራት ማመልከቻዬን የጻፍሽው አንቺ። ያቺ አንገቷን የምታስረዝሚያትን ፊደል ደብዳቤው የመጣ ዕለት ነው ያየኋት።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቁኝም?»

«ብጠይቅሽ ትዋሺኝ ነበር። ከዋሸሽኝ ደግሞ ነገ ማመልከቻዬን ማን ይጽፍልኛል?» ሰው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። «ስንጠብቅሽ ነበር» አሉ። ስንጠብቅሽ። ብዙ ሰው መሬት መሬት አየ። ያውቁ ነበር። አጥር ላይ «ጽሑፍሽ ያምራል» ይሉኝ የነበረው ሁሉ፣ ያውቁ ነበር።

ሰይዳ ግን ተነሣች። ከእኛ ሦስተኛ ቤት ናት፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ ሁለት ልጆቿን ልብስ እየሰፋች ታሳድጋለች። «እኔ ሁለት ወር እንቅልፍ አጥቼ አንቺ ዘፈን ታወጪያለሽ?» አለችኝ። ልጆቿን ይዛ በዝናቡ ወጣች።

«በሉ ያን ጩኸት ጨርሱት» አሉ አዴ ዱርሲቱ።

ጨረስነው። ስምንቱን ባር «እኔ» እያልኩ ዘፈንኩት፣ ግጥም የለው፣ ምን የለው። እንደዚያ ተጫውቼ አላውቅም። ጥፋት እየተናዘዙ መኩራት ይቻላል እንዴ? እኔ ኮርቻለሁ። በአባዬ ኮፍያ፣ በቦጂያ ዱላ፣ እውነቱን ይዘው ሁለት ወር በጠበቁኝ ሰዎች።


ሰኔ 17፣ ማክሰኞ

የሰይዳን በር አንኳኳሁ። የስፌት መኪናው ይሰማል። አልከፈተችም።


ሰኔ 19፣ ሐሙስ

አባዬ፣ አዴ ዱርሲቱና እኔ ቅሬታ ሰሚው ጋ ሄድን። ቃሌን ሰጠሁ። የኋላውን ገጽ አሳየሁት። ቀድጄ ልስጥዎ ስለው «የተቀደደ ገጽ ማስረጃ አይሆንም፣ ደብተሩ እንዳለ ለሰኔ 27 ይምጣ» አለኝ። «ደግሞም የአንዷ ቃል ብቻ አይበቃም፣ ነዋሪዎቹ በየራሳቸው ይመስክሩ።»

እንዳለ ማለት ይህ ሁሉ ማለት ነው። ታክሲው፣ አመሰግናለሁ ያልኩት፣ አንሶላው። መንገድ ላይ አባዬ «ፈራሽ?» አለኝ። ባዳ ከማንበቡ በፊት ሰፈሬ ያንብበው አልኩት።

ስለዚህ ይህ ደብተር ከዛሬ ጀምሮ የብቻዬ አይደለም። ከአዴ ዱርሲቱ ጀምሮ ከቤት ቤት ይዞራል። ይህን የምታነቡ ጎረቤቶቼ፣ የሚቀጥለውን ገጽ ግለጡ። ርዕሱን ከሁሉ አስቀድሜ ጽፌዋለሁ፦ «ቦታችንን ለመልቀቅ አልተስማማንም። የካቲት 9 የፈረምነው በስብሰባ መገኘታችንን ብቻ ነው።» ከሥሩ አርባ ሦስት ባዶ መስመር አለ። የማንንም ስም አልጻፍኩም።

አንብቡት። ማንበብ የሚያስቸግራችሁ ጥሩኝ፣ መጥቼ ቃል በቃል አነብላችኋለሁ፣ ሁለቴም ሦስቴም። የማትስማሙበት ቃል ካለ ሰርዙና የራሳችሁን ጻፉ። ከተስማማችሁ ስማችሁን በገዛ እጃችሁ አስፍሩ፤ ቢጣመምም ይጣመም። በእኔ ላይ የምትሉት ካላችሁም ጠርዙ ላይ ጻፉት፣ አልሰርዘውም። ሰይዳ፣ አንቺም። ከሁሉም በላይ አንቺ።

እስክሪብቶው ደብተሩ መሐል ነው።